ከውድ መኪና ወደ ቀላል ወርሃዊ ክፍያ መውረድ፦ የባንክ ዕዳ ላለባቸው የአዳማ ባለመኪኖች

«መኪናዬ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ወርሃዊ ክፍያው ከበደኝ። ሸጬ ወደ አነስ ያለ መኪና መውረድ እችላለሁ ወይ? ከየት ልጀምር?»

ይህ ጥያቄ ከአዳማ ደጋግሞ ይመጣልናል። የስፖርት መኪና የያዘውም፣ ትልቅ ጂፕ የያዘውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ይቻላል። ነገር ግን ሥራው የሚበላሸው በዋጋ ድርድር ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከስረው መጀመሪያ ገዢ ፈልጎ ቀብድ የተቀበለ፣ ባንኩን በኋላ ያናገረ ሰው ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ተከተሏቸው።

ከታች ያሉት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የገቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የብድር ውሉ ቅጂና የክፍያ ሰንጠረዡ
- ከባንኩ በማኅተም የወጣ የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ
- የሊብሬው ፎቶ ኮፒ (ዋናው ባንኩ ዘንድ ነው)
- ዲክላራሲዮን (መኪናው ሲገባ የተሰጠ የጉምሩክ ሰነድ) ወይም መኪናውን የገዛችሁበት ውል
- ጊዜው ያላለፈ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ
- መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር
- የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ያላገባችሁ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ
- ያለፉት 6 ወራት የባንክ ሂሳብ መግለጫ፤ ተቀጣሪ ከሆናችሁ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆናችሁ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ
- ለአዲሱ መኪና ፍተሻ፦ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አሮጌ ካርቶን

1. ዕዳችሁን በወረቀት አውጡ

ብድሩን የወሰዳችሁበት ቅርንጫፍ ሂዱና ዛሬ ልዝጋው ብትሉ ስንት እንደሚጠይቃችሁ በደብዳቤ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው አራት ነገር ለይቶ ማሳየት አለበት፦ ቀሪ ዋና ብድር፣ እስከ ዕለቱ የተጠራቀመ ወለድ፣ ያለፈ ቅጣት ካለ ቅጣቱ፣ እና ብድሩን ከጊዜው በፊት ለመዝጋት የሚጠየቅ ክፍያ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ረስቶት ባንክ ቤት መስኮት ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። በብድር ውላችሁ ውስጥ ተጽፏል፤ ፈልጉት።

የባንኩ መተግበሪያ ላይ የምታዩት ቁጥር አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜ ዋናውን ብድር ብቻ ነው የሚያሳየው። ወለድ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል። በ17 በመቶ ወለድ 2,000,000 ብር ዕዳ ካለባችሁ የአንድ ቀን ወለዱ 930 ብር ገደማ ነው። ዕዳውን መዝጋቱ ሦስት ሳምንት ቢጓተት 19,500 ብር ያህል ተጨመረ ማለት ነው። የመሸጫ ዋጋ ስትተምኑ ይህን አስገቡ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ክፍያ ያቋረጣችሁ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ። 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል፤ መረጃውም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ሌላ ባንክ ዘንድ ይታያል። ያኔ አሮጌውን ብትሸጡ እንኳ ለአዲሱ የሚያበድራችሁ አታገኙም። ባንኩም መያዣውን በሐራጅ ወደ መሸጥ ከሄደ ዋጋው እናንተ ከምትሸጡበት በታች ነው የሚሆነው።

2. መኪናው በወር በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣ ደምሩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ምክንያታቸው «የባንኩን ክፍያ አውቀዋለሁ» የሚል ነው። የባንኩ ክፍያ ግን ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ነዳጁን በግምት አትጻፉ። አሁን ማደያ ላይ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ወይም ሲቢኢ ብር ውስጥ ገብታችሁ የሦስት ወሩን የነዳጅ ክፍያ ደምሩና ለሦስት አካፍሉ። ከዚያ የዓመቱን ኢንሹራንስ ለ12 አካፍሉ፤ ዘይትና ፊልትሮ፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፈጣን መንገድ ክፍያ ጨምሩ።

ልዩነቱን በሊትር ማየት ይጠቅማል፤ የነዳጅ ዋጋ ይቀያየራል፣ ሊትሩ ግን አይዋሽም። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣ መኪና 168 ሊትር ይፈልጋል፤ 6 ሊትር የሚጠጣው 72 ሊትር። በወር 96 ሊትር ተረፈ። በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዙት።

የጎማ ወጪም ሰፊ ልዩነት አለው። የስፖርት መኪና ጎማ ሰፊና ጎኑ ቀጭን ስለሆነ ውድ ነው፣ እንደ ልብ አይገኝም፣ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ጎማው ብቻ ሳይሆን ቸርኬውም ይታጠፋል። በትንንሽ መኪኖች ላይ የሚገባው የ14 ቁጥር ጎማ የትም ይገኛል።

3. ስሌቱን ሥሩ

ወርሃዊ ክፍያን በቀላሉ ለመገመት ይህን ያዙ። ወለዱ 17 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 100,000 ብር ብድር በወር የሚከፈለው፦

- በ36 ወር፦ 3,565 ብር
- በ48 ወር፦ 2,886 ብር
- በ60 ወር፦ 2,485 ብር

ወለዱ ሌላ ከሆነ ኤክሴል ላይ ፒኤምቲ (PMT) የሚባለው ቀመር ያወጣላችኋል፤ ወይም የብድር ሠራተኛው የክፍያ ሰንጠረዡን ያትምላችሁ።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ቀሪ ዕዳ 2,000,000 ብር፣ የቀረው ጊዜ 36 ወር፤ ስለዚህ በወር 71,300 ብር እየተከፈለ ነው። መኪናው በ3,400,000 ብር ተሸጠ እንበል።

ከ3,400,000 ላይ ዕዳ 2,000,000 ሲነሳ 1,400,000 ይቀራል። ደላላ ከመቶ 2 ቢወስድ 68,000፣ በመሃል የሚጨምር ወለድና የሰነድ ወጪ 32,000፤ እጅ ላይ የሚቀረው 1,300,000 ብር ነው። አዲሱ መኪና 1,900,000፣ ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስና ለመጀመሪያ ሰርቪስ 100,000 ቢያዝ፣ የሚያስፈልገው 2,000,000 ነው። የጎደለው 700,000 ብር ብቻ ሆነ።

700,000 ብር በ36 ወር፦ በወር 24,950 ብር ገደማ። ከ71,300 ጋር ሲተያይ በየወሩ ከ46,000 ብር በላይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። የብድር ሠራተኛው «በ60 ወር ብናደርገው 17,400 ብቻ ነው» ሊላችሁ ይችላል። እውነት ነው፤ ግን በ36 ወር የምትከፍሉት ጠቅላላ ወለድ 198,000 ብር ገደማ ሲሆን በ60 ወር 344,000 ብር ገደማ ነው። 145,000 ብር ተጨማሪ ከፍላችሁ ነው ወርሃዊውን በ7,500 ብር ያቀለላችሁት። ገቢያችሁ የ36ቱን ከቻለ 36ቱን ያዙ።

መኪናውን ሳትሸጡ የአሮጌውን ብድር ጊዜ ማስረዘምስ? በዚሁ ምሳሌ 2,000,000 ብሩ ወደ 60 ወር ቢዘረጋ ወርሃዊው ወደ 49,700 ይወርዳል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ567,000 ወደ 982,000 ይወጣል። ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና ጎማውም ባለበት ነው። ይህ መንገድ ገቢው ለጥቂት ወራት ብቻ ለተቋረጠበት ሰው እንጂ በቋሚነት ለከበደው አይሆንም።

መሸጫው ከዕዳው የሚያንስ ከሆነስ? ልዩነቱን በራሳችሁ ገንዘብ መዝጋት ግድ ነው፤ ባንኩ ዕዳው ሳያልቅ ሊብሬ አይለቅም። ልዩነቱን ከዘመድ ወይም ከዕቁብ ለመሙላት ከማሰባችሁ በፊት በምታድኑት ወርሃዊ ገንዘብ በስንት ወር እንደምትመልሱት አስሉ። ከ12 ወር በላይ የሚወስድ ከሆነ እየከፈላችሁ ዋናው ብድር እስኪወርድ መጠበቅ ይሻላል።

እጅ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ያለ ብድር መኪና የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ያንን ምረጡ፤ ያረጀ ግን ጤነኛ ቪትዝ ከዕዳ ነጻ ሆኖ ቢያዝ ከአዲስ ባለዕዳ ይበልጣል።

4. ከመሸጣችሁ በፊት አዲሱን ብድር አስፈቅዱ

ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ፣ ማመልከቻው የተሟላ ሰው እንኳ ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል። አሮጌውን ሸጣችሁ አዲሱ ብድር ሳይመጣ ከቀረ መኪናም ብድርም የሌለው ሰው ትሆናላችሁ። ስለዚህ የቃል ተስፋ አትቀበሉ፤ የፈቃድ ደብዳቤ ይኑር።

ደብዳቤው ላይ ወለዱን፣ ጊዜውን፣ የፈቃዱ ማብቂያ ቀንን እና የሚፈቀደውን የመኪና ዕድሜ ተመልከቱ። ብዙ ባንኮች በጣም ያረጀ መኪና በመያዣነት አይቀበሉም። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ባንኩ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ሳይሆን የራሱ ገማች ባወጣው ግምት ላይ ነው። መኪናው 1,900,000 ተብሎ ባንኩ 1,600,000 ቢገምተውና 40 በመቶውን እናንተ አምጡ ቢል፣ ከፍተኛው ብድር 960,000 ብር ነው። ግምቱ ካነሰ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል።

የመጀመሪያ ምርጫችሁ አሁን ያበደራችሁ ባንክ ይሁን። ሁለቱም ፋይሎች አንድ ቅርንጫፍ ላይ ከሆኑ መያዣ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ያጥራል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ወርሃዊ ክፍያችሁን አታቋርጡ። «ልሸጠው ነው» ብሎ አንድ ወር ማሳለፍ አዲሱን ማመልከቻ ያበላሻል።

5. መኪናውን ለሽያጭ አዘጋጁ

ትልቅ ገንዘብ አታፍስሱ። ሙሉ ቀለም ማስቀባት ገዢን ያስጠረጥራል፤ «ምን ተገጭቶ ነው?» ይላል። የሚያዋጣው ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የሚበሩ የማስጠንቀቂያ መብራቶችን ምክንያት ማስጠገን፣ ውስጡን በደንብ ማሳጠብ፣ ቦሎውን ማደስ ነው።

የስፖርት መኪና ከሆነ የተቀየረ ማርሚታ፣ የወረደ ሞላ፣ የተለየ ቸርኬ ካለው ወደ ፋብሪካው መልሱት፤ የተቀየሩትን ዕቃዎች ለብቻ ሽጡ። ዕቃ የተቀየረበትን መኪና ገዢው «ተነድቷል» ብሎ ዋጋ ይሰብራል፣ የባንክ ገማችም ይቀንስበታል።

ዋጋውን ስታወጡ ቀድሞ የገዛችሁበትን ቁጥር እርሱት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተቀየረ በኋላና በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ገበያው ሌላ ሆኗል። በዓመተ ምርት፣ በሲሲና በካምቢዮ ዓይነት ከእናንተው ጋር የሚመሳሰሉ ቢያንስ 10 ማስታወቂያዎች ጻፉ። ማስታወቂያ ላይ ያለው የተጠራ ዋጋ ነው፤ የተሸጠበት አይደለም። ሁለት ደላሎችን በተናጠል «በሳምንት ውስጥ በጥሬ ስንት ያወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለቱ አማካይ ለስሌት የሚሆናችሁ ቁጥር ነው።

ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አዳማ ላይ ገዢው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች እዚያም አሳዩት፤ ግን ገዢ ሳይቆረጥ መኪናውን ለማንም ደላላ ጥላችሁ አትምጡ።

6. ገዢው፣ ቀብዱና ባንኩ

ለገዢው ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ መኪናው ዕዳ እንዳለበት ንገሩት። ደብቆ መጨረሻ ላይ ማውጣት ዋጋውን ይጥለዋል።

ከዚያ ስለ ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 200,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ ባንኩ መኪናው እንዳይሸጥ ያስመዘገበውን እገዳ በቀኑ ካላነሳላችሁና ሽያጩ ከፈረሰ 400,000 ብር ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ የቀሪ ዕዳ ደብዳቤው ሳይኖር ቀብድ አትቀበሉ። ስትቀበሉም ውሉ ላይ «መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ መሆኑን ገዢ አውቋል፤ ስም የሚዛወረው ባንኩ እገዳውን ካነሳ በኋላ ነው» የሚል አረፍተ ነገርና በቂ ቀን ይግባበት።

ክፍያው የሚፈጸመው ብድሩ ባለበት ቅርንጫፍ፣ ሦስታችሁም (ሻጭ፣ ገዢ፣ የብድር ሠራተኛ) ባላችሁበት ነው። ገዢው ለዕዳ መዝጊያው የሚያስፈልገውን ቀጥታ ወደ ብድር ሂሳባችሁ ያስገባል። የቀረው በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሠራል ወይም ስሙ እስኪዛወር በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል። ገዢው ገንዘቡ ዕዳ ላይ እንደዋለ በዓይኑ ያያል፤ እናንተም ያልተከፈለ ገንዘብ እያለ ስም አታዛውሩም።

ሲፒኦ እጃችሁ ሲገባ ወረቀቱን አይታችሁ አትርኩ። የሰጠው ባንክ ቅርንጫፍ ድረስ ሄዳችሁ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ በማን ስም እንደተሠራ መስኮቱ ላይ አስረጋግጡ። ስልክ ከደወላችሁም ቁጥሩን ገዢው የሰጣችሁን ሳይሆን ራሳችሁ ያገኛችሁትን ተጠቀሙ። ዓርብ ከሰዓት ሲፒኦ ተቀብሎ «ሰኞ አረጋግጣለሁ» ብሎ ቁልፍ መስጠት ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ሌላ መንገድም አለ፦ ገዢው ብድሩን ራሱ እንዲረከብ ማድረግ። ባንኩ የገዢውን ገቢ እንደ አዲስ ይመረምራል፣ ይስማማል ወይም አይስማማም። ከተሳካ ገዢው ሙሉ ገንዘብ ማምጣት ስለማይጠበቅበት የገዢው ቁጥር ይሰፋል። ነገር ግን ያለ ባንኩ ፈቃድ በሁለት ሰው ስምምነት ብቻ «አንተ እየከፈልክ ንዳው» መባባል ለእናንተ ገደል ነው፤ እሱ ባይከፍል የሚጠየቀው የእናንተ ስም ነው።

7. እገዳ ማንሳትና ስም ማዛወር

ዕዳው ሲዘጋ ባንኩ ዋናውን ሊብሬና ለመንገድ ትራንስፖርት የሚጻፍ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ይሰጣል። የብድር መዝጊያ ክሊራንስም ለራሳችሁ ጠይቁ፤ ኋላ ሌላ ባንክ ይፈልገዋል።

ደብዳቤው መሄድ ያለበት የመኪናው ፋይል ወዳለበት ጽ/ቤት ነው። ሰሌዳው «ኦሮ» ከሆነ ፋይሉ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ግን አዳማ ነው ወይስ ሌላ ከተማ የሚለውን ከሊብሬው አረጋግጡ። «አአ» ከሆነ ሥራው አዲስ አበባ ነው። ይህን ሳያጣሩ ደብዳቤ ያጻፉ ሰዎች አድራሻ ለማስቀየር እንደገና ባንክ ይመለሳሉ፤ ያ ጊዜ ወለድ ባይቆጥርም የገዢውን ትዕግሥት ይቆጥራል።

የሽያጭ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ፈርሙ። ባለትዳር ከሆናችሁ ባል ወይም ሚስት አብረው ይገኙ፣ ወይም ሕጋዊ ውክልና ይስጡ። ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ሙሉ ዋጋ፣ መኪናው በሚታይበት ሁኔታ መሸጡ፣ እና የርክክቡ ቀን ከነሰዓቱ ይጻፍ። ሰዓቱ ለምን? ገዢው ከደጃችሁ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ አደጋ ቢያደርስ መኪናው ቀድሞ መረከቡን የሚያሳየው እሱ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* በውክልና ብቻ አትሽጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት የመኪናው ባለቤት ኃላፊ ነው ይላል። ስሙ ካልተዛወረ መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።

8. ኢንሹራንስ

ሙሉ ኢንሹራንሱን ስሙ ከተዛወረ በኋላ እንጂ በፊት አታሰርዙ። ሲሰረዝ ላልተጠቀማችሁበት ጊዜ ተመላሽ ጠይቁ፤ ባንኩ በፖሊሲው ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ስለተጻፈ ኩባንያው የባንኩን ክሊራንስ ይፈልጋል። ለአዲሱ መኪና አረቦኑ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሆነ ይቀንሳል። ከእውነተኛ ዋጋው አሳንሳችሁ ግን አታስመዝግቡ፤ አደጋ ሲደርስ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

9. አዲሱን መኪና መምረጥና መፈተሽ

ምርጫው ቀላል ነው፦ አዳማ ውስጥ መለዋወጫው ያለ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው መኪና። ቶዮታ ቪትዝና ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ሱዙኪ ዲዛየርና ስዊፍት በዚህ ይታወቃሉ። የ1000 ሲሲ ቪትዝ ለከተማ ይበቃል፤ በየሳምንቱ ቤተሰብ ጭናችሁ አዲስ አበባ የምትወጡ ከሆነ 1200 ወይም 1300 ሲሲ ይሻላል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ ሲወጣ ትንሽ ሞተር ከነጭነቱ ይደክማል፣ ነዳጁም ይጨምራል።

የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጁን ወጪ ይቆርጣል። የራሳችሁ ቆጣሪና ግቢ ካላችሁ በ16 አምፔር መስመር በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ ተከራዮች ከሆናችሁ ግን ከባለቤቱ ጋር ሳትስማሙ አትግዙ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤና በኮምፒውተር አስመርምሩ፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪው ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሻጩ ጋ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። መጀመሪያ መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አሙቆታል፤ በሌላ ቀን ኑ። ቀዝቃዛ ሞተር የሚደብቀው ነገር የለውም፦ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከሆነ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ቁልፉን ከማስነሻው አንድ ደረጃ በፊት አቁሙት። የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ብልሽት እንደተደበቀ ጠርጥሩ።

የሻንሲ ቁጥሩን አግኙና በጨርቅ ጥረጉት፤ በባትሪ ብርሃን ከጎን አብሩበት። ፊደሎቹ እኩል ጥልቀትና እኩል ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። ዙሪያው የተሞረደ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም አንዱ ቁጥር ከመስመር የወጣ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ የሞተሩንም እንዲሁ።

አሮጌውን ካርቶን ከሞተሩ ሥር ዘርጉና 20 ደቂቃ ሞተሩ ሲሠራ ቆዩ። የወደቀው ጠብታ ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ ቀላ ያለ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ከኤሲ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ችግር የለውም።

አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ ከዲ (D፣ ወደፊት) ወደ አር (R፣ ወደ ኋላ) ቀይሩ። ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆይቶ ከያዘ ወይም ከገፈተረ ካምቢዮው ውድ ጥገና ይጠብቀዋል። ከዚያ 17 ኪሎ ሜትር ወደ አዋሽ መልካሳ ወርዳችሁ፣ ኤሲውን ከፍታችሁ ተመለሱ። መመለሻው ወደ ላይ ስለሚወጣ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ ራዲያተሩ ወይም ቴርሞስታቱ ችግር አለበት። ይህ ፍተሻ ከተማ ውስጥ በመዞር አይገኝም።

ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አራቱም ያረጁ ከሆኑ የአራት ጎማ ዋጋ ከጥሪው ላይ አስቀንሱ።

ሰነዱን በተመለከተ፦ ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። ዲክላራሲዮኑን እዩ። ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) ከሆነ የሻጩን የግብር ክሊራንስ ጠይቁ። የእገዳና ያልተከፈለ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ፋይሉ ያለበት ጽ/ቤት ሄዳችሁ አስጠይቁ፤ የሻጩን ቃል አትመኑ።

10. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

የክፍያ ቀኑን ደመወዝ ወይም ገቢ ከሚገባበት ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ አስደርጉት። አንድ ወርሃዊ ክፍያ የሚያህል ገንዘብ በተለየ ሂሳብ አስቀምጡ። ከሚተርፈው ላይ ለብድሩ ተጨማሪ የምትከፍሉ ከሆነ ገንዘቡ ለዋና ብድር እንዲውል በጽሑፍ አመልክቱ፤ ያለዚያ ለቀጣዩ ወር ክፍያ ሊያዝላችሁ ይችላል፣ ወለዱም አይቀንስም። በምሳሌው ላይ በወር 5,000 ብር ቢጨመር 36ቱ ወር ወደ 29 ይወርዳል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ወርሃዊውን ብቻ አይቶ መፈረም።* ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ወርሃዊውንና እስከ መጨረሻው የሚከፈለውን ጠቅላላ።

*በግማሽ መውረድ።* ከ3,400,000 ብር መኪና ወደ 3,000,000 ብር መኪና መቀየር የደላላ፣ የስም ማዛወሪያና የሰነድ ወጪውን ቶሎ አይመልስም። በወር የሚድነው ገንዘብ የዝውውሩን ወጪ በ6 ወር ውስጥ ካልመለሰ አትንቀሳቀሱ።

*አዲሱን ቀድሞ መግዛት።* ሁለት ወርሃዊ ክፍያ አንድ ላይ ይመጣል፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ በቅናሽ ይሸጣል።

*ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ።* ሽያጩ ቢፈርስ የምትመልሱት ወይም የሚመለስላችሁ በውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይሆናል። የጽ/ቤቱ ገማችም የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ ማሳነሱ ብዙ አያተርፍም።

*ዋናውን ሊብሬ ለደላላ መስጠት።* ፎቶ ኮፒ ይበቃዋል። ዋናው ከባንክ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ስሙ እስኪዛወር ከእጃችሁ አይለይ።